አራት ሐኪም አየን፤ የትኛውን እንያዝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ደም ግፊት ከተገኘባት ሁለት ዓመት፣ ስኳር ከተገኘባት አንድ ዓመት ሆናት። ግፊቱን መጀመሪያ ያገኙት የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ናቸው፤ ኢናላፕሪል ጀመሩላት። ብዙም ሳይቆይ ደረቅ ሳል ያዛት። አንድ ክሊኒክ ወስጃት ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ታዘዘላት፣ ሳሉ ግን አልለቀቃትም። ቤታችን አጠገብ ባለ ሌላ ክሊኒክ የምትሠራ ጠቅላላ ሐኪም መድኃኒቱን በአምሎዲፒን ቀየረችላት። ሳሉ ተዋት፣ እግሯ አበጠ። «ይቺ ልጅ ገና ናት» ብለን ሁለት ወር ቀጠሮ ጠብቀን ስሙ የታወቀ ስፔሻሊስት ዘንድ ገባን። አምስት ደቂቃም አላየን፤ የሚያሸና መድኃኒት ጨምሮ ሸኘን። ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ዳኦኒል ትወስዳለች። ወንድሜ ደግሞ ከአሜሪካ ሊሲኖፕሪል የሚባል ልኮላት፣ «የውጭው ይሻላል» እያለች ደስ ሳይላት ሲቀር ትውጣለች። አሁን ሳሉ ተመልሷል። በጾም ሰሞን ረፋድ ላይ ያዞራታል፣ ያልባታል። «ሐኪም ሁሉ ያው ነው» ብላ ተስፋ ቆርጣለች። ለእሷ የሚሆን ሐኪም እንዴት ይገኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ሐኪም መምረጡ ለነገ ይደርና ዛሬ የሚደረግ ነገር አለ። በጾም ረፋድ ላይ የሚያዞራቸውና የሚያልባቸው ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን ይችላል። ዳኦኒል፣ በመድኃኒት ስሙ ግሊቤንክላሚድ፣ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያወጣ የሚገፋ ነው። የዋጠው ሰው ይብላም አይብላም ሥራውን ይሠራል፣ ሰውነት ውስጥም ረጅም ሰዓት ይቆያል። ጠዋት ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ መዋል ስኳርን አደገኛ በሆነ መጠን ሊያወርድ ይችላል። ከሐኪም ጋር እስክትነጋገሩ ድረስ እናትዎ ዳኦኒሉን በባዶ ሆድ ውጠው አይዋሉ። ማዞሩ ሲመጣ መለኪያ ካላችሁ ለኩ። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፤ መለኪያ ከሌለ ሳትጠብቁ ስጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ድገሙት፣ ሲሻላቸው ምግብ ይቅመሱ። ራሳቸውን ከሳቱ ወይም መዋጥ ካቃታቸው በአፍ ምንም ሳትሰጡ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። የወንድምዎን ሊሲኖፕሪልም ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እንምጣ። የጻፉልንን ታሪክ ስናነብ አራት መጥፎ ሐኪሞች አላየንም። ያየነው አንዱ የሠራውን ሌላው ሳያውቅ የተቀጣጠለ ሰንሰለት ነው። ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ጉሮሮ የሚከረክር ደረቅ ሳል ያመጣል። አንቲባዮቲክ ያዘዘው ክሊኒክ የሚስል ሰው አየ እንጂ በቅርቡ ኢናላፕሪል የጀመረ ሰው አላየም፤ የነገረውም ያለ አይመስልም (ሊጠይቅ ግን ይገባው ነበር)። የሰፈራችሁ ሐኪም ነገሩ ገባትና ቀየረችው። አምሎዲፒን ደግሞ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ፈሳሽ ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል፣ በተለይ መጠኑ 10 ሚሊ ግራም ሲደርስ። ይህ እብጠት ውኃና ጨው በሰውነት ተጠራቅሞ የሚመጣ ስላልሆነ የሚያሸና መድኃኒት እምብዛም አይረዳውም፤ የሚሻለው መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን መለወጥ ነው። እርግጥ እግር ከልብም፣ ከኩላሊትም፣ ከጉበትም ችግር ያብጣልና ይህን የሚለየው መርምሮ ያየ ሐኪም ብቻ ነው። ሊሲኖፕሪል ግን የኢናላፕሪል የቅርብ ዘመድ ነው። ሳሉን የመለሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ካቆሙትም በኋላ ሳሉ ጥቂት ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ከመድኃኒቱ የሚመጣ ሳል የሚያሰጋ አይደለም፤ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ከዚህ የምናወጣው አንድ መመዘኛ ነው። ግፊትና ስኳር ተቀዶ ወይም አንድ ሳምንት ተውጦለት የሚያበቃ ሕመም አይደለም፤ መድኃኒቱ በየጊዜው እየተስተካከለ ለዓመታት የሚኬድበት ነው። ስለዚህ ለእናትዎ የሚሆነው ሐኪም በሚቀጥለው ወር ሲመለሱ እዚያው ወንበር ላይ የሚገኝ፣ ባለፈው ምን እንዳደረገና ለምን እንዳደረገ ከካርዱ ላይ አንብቦ የሚቀጥል ሰው ነው። ስመ ጥር መሆኑ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ደረጃው ላይ ነው። ሌላ ችግር ያልተጨመረበት ግፊትና ስኳር በጠቅላላ ሐኪም ወይም በውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት በደንብ ይያዛል፤ ጤና ጣቢያም መደበኛ የግፊትና የስኳር ክትትል አለው። ሰብ-ስፔሻሊስት (እንደ ልብ ወይም ኩላሊት ያለ አንድ ዘርፍ ብቻ የሚያይ ሐኪም) የሚያስፈልግበት ጊዜ ተለይቶ የሚታወቅ ነው፦ አንዱ የሚያሸና የሆነ ሦስት ዓይነት የግፊት መድኃኒት በበቂ መጠንና ሳያቋርጡ እየወሰዱ ግፊቱ አልወርድ ሲል፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት አሠራር የሚታይበት የደም ምርመራ) ከፍ እያለ ሲሄድ፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲታይ፣ ደረት ሲወጋ ወይም በትንሽ እርምጃ ትንፋሽ ሲያጥር፣ እግር ላይ የማይድን ቁስል ሲወጣ፣ ስኳሩ በእንክብሎቹ አልያዝ ብሎ ኢንሱሊን ሲመጣና እሱም ሲያስቸግር። ያኔም ቢሆን ሰብ-ስፔሻሊስቱ አስተያየቱን ጽፎ ወደ ቋሚው ሐኪም ቢመልሳችሁ ይሻላል። ሁለት ሐኪም ተነጋግሮ ሳይሆን ሁለት ሐኪም ሳይተዋወቅ ሲያዝዝ ነው ነገር የሚበላሸው፤ ኢናላፕሪል ካንዱ፣ ተቀራራቢ ሥራ ያለው ሎሳርታን ከሌላው ታዝዞላቸው ሁለቱንም አብረው የሚውጡና በደማቸው ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ከመጠን በላይ የሚወጣ ሰዎች አሉ።

እንግዲህ የትኛውም ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ደብተር ግዙ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እናትዎ ዛሬ በእውነት የሚውጡት ይጻፍ፦ የመድኃኒቱ ስም፣ ስንት ሚሊ ግራም፣ ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓት። «የታዘዘላቸው» አላልንም፤ የሚውጡትን ነው። ስሙን ከማዘዣው ሳይሆን ከራሱ እሽግ ላይ ቅዱ፣ ምክንያቱም አንዱ መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም ሲታዘዝ ሁለት የተለያየ መስሎ ይዋጣል። ዳኦኒልና ግሊቤንክላሚድ አንድ ናቸው፣ ግሉኮፌጅና ሜትፎርሚንም እንዲሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ የተተዉት ወይም ያስቸገሩት መድኃኒቶች፣ መቼና በምን ምክንያት፦ ኢናላፕሪል፣ ሳል፤ አምሎዲፒን፣ እግር ማበጥ። ይህ ገጽ ከየትኛውም የምርመራ ወረቀት በላይ ለሐኪም ይጠቅማል። የሚጠጡት ዳማከሴም፣ የጎረቤት ዕፅዋትም፣ ለጉልበት ሕመም የሚዋጠው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌንም ይጻፍ። የኋለኞቹ ሁለቱ ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ ከሚያሸና መድኃኒትና ከእነ ኢናላፕሪል ጋር ሲደመሩ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳሉ።

የላብራቶሪ ውጤቶችን በቀን ቅደም ተከተል አያይዟቸው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መምታታት አለ፤ የላብራቶሪው ማሽን በፈረንጅ ቀን ያትማል፣ ካርዱ ላይ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል። በየወረቀቱ ጥግ የኢትዮጵያውን ቀን በእስክሪብቶ ብታስቀምጡ ሐኪሙ የቱ እንደቀደመ ለማወቅ አይቸገርም።

ግፊቱን ደግሞ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ለሰባት ቀን ቤት ለኩ። ጠዋት መድኃኒት ከመዋጣቸው በፊት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ እያሳረፋችሁ። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ። አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ጀርባቸው ተደግፎ፣ እግራቸው ሳይነባበር መሬት ረግጦ፣ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ ሆኖ። የመለኪያው ጨርቅ በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፤ ለክንዱ የጠበበ ጨርቅ ግፊቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሲለካ ወሬ የለም። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥሮች ትታችሁ የቀሩትን አማካይ አውጡ። ቤት ውስጥ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ሲሆን እንደ ከፍተኛ ይቆጠራል። ሮጠው ደርሰው፣ ወረፋ ላይ ተጨቃጭቀው፣ ካርድ ክፍል ቆመው በተለካ አንድ ቁጥር መድኃኒት ሲቀየር ብዙ ጊዜ እናያለን።

ሐኪም የምትጠይቁት ማንን ነው? እንደ እናትዎ ግፊትና ስኳር ይዟቸው ዓመታት የዘለቁና ደህና የሆኑ ሰዎችን ጠይቁ። ሐሞት ጠጠር ያወጣላቸውን ሐኪም የሚያመሰግኑ ጎረቤቶች ስለ ሌላ ሙያ ነው የሚያወሩት። መድኃኒት የምትገዙበት የፋርማሲ ባለሙያም ጥሩ ምስክር ነው፤ የማን ማዘዣ እንደሚነበብ፣ ማን ርካሽ አማራጭ እያለ ውዱን እንደሚጽፍ በየቀኑ ያያል። ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ ሐኪሙ በሳምንት ስንት ቀንና በስንት ሰዓት ይገባል? ቋሚ ነው ወይስ ማታ ማታ ብቻ የሚመጣ? በማይኖርበት ቀን ማን ያያል? ካርዱ ለስንት ቀን ይሠራል፣ ውጤት ለማሳየት ስንመለስ እንደገና እንከፍላለን? የሙያና የተቋም ፈቃዱ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን ስትገቡ ራሳችሁ ታያላችሁ። ርቀቱንም አስቡ። ሁለት ታክሲና አንድ ሰዓት ሰልፍ የሚጠይቅ ሐኪም፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ በክረምት ቀጠሮ ይዘለልበታል።

እንደ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ ባሉ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች በየቀጠሮው የተለያየ ሐኪም ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ሬዚደንቶች (ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) በዙር ነው የሚሠሩት። ይህ ጉድለት ነው ብለን አናስቀርም፣ ከበላያቸው የሚያማክሯቸው ሲኒየሮች አሉና። ግን እዚያ የምትከታተሉ ከሆነ ደብተራችሁ ሁለት እጥፍ አስፈላጊ ይሆናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደግሞ መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ሪፈር ሳይጻፍላችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ ወጪው ሙሉ በሙሉ ላይሸፈንላችሁ ይችላል። ድንገተኛ ሕመም ለብቻው ነው፣ ሪፈር አይጠበቅም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ አጭር ጊዜ እንደሚኖራችሁ ቆጥራችሁ ግቡ። አምስት ደቂቃ ማየቱ ብቻውን ስፔሻሊስቱን ጥፋተኛ አያደርገውም፤ በአምስት ደቂቃው ምን እንዳደረገ ነው ጥያቄው። ዋናውን ነገር መጀመሪያ ተናገሩ፦ «ስትጾም ታልባለች፣ ታዞራለች»። ብዙ ሰው ይህን በር ላይ ሲደርስ ነው የሚናገረው። እናትዎ ራሳቸው ይናገሩ፣ እርስዎ ደብተሩን ይዘው የጎደለውን ይሙሉ። ከዚያ አራት ጥያቄ ጠይቁ፦ ግፊቷና ስኳሯ ስንት ላይ እንዲሆን ነው የምንፈልገው? ይህ መድኃኒት በስንት ጊዜ ለውጥ ያሳያል? ምን ካየን ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንምጣ? በጾም እንዴት ትውሰድ?

የመጨረሻው ጥያቄ ሐኪሙን በደንብ ይፈትነዋል። «አትጹሚ» ብሎ ብቻ የሚዘጋ ሐኪም እናትዎ ተደብቀው እንዲጾሙ ያደርጋል፣ አደጋውም ያኔ ይብሳል። የሚሆናቸው ሐኪም እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ ይጠይቃል፣ ዳኦኒሉን ይቀንሳል ወይም ስኳር ብዙም በማያወርድ ሌላ መድኃኒት ይለውጣል (ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከመጠን በታች የሚያወርደው አልፎ አልፎ ነው)፣ ጾሙ ከጤናቸው ጋር የማይሄድ ከሆነም ምክንያቱን አስረድቶ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ይመክራል። ለረመዳን የሚጾም ቤተሰብም ተመሳሳይ ውይይት ወሩ ከመግባቱ በፊት ያስፈልገዋል።

ሌሎች መልካም ምልክቶችም አሉ። ግፊቱን ራሱ እንደገና ይለካል፣ የሚያዞራቸው ስለሆነም አስቁሞ ይለካል። ጫማና ካልሲ አስወልቆ እግራቸውን ያያል። የሦስት ወሩን ስኳር፣ ክሪያቲኒን፣ ፖታሲየምና የሽንት አልቡሚን (በሽንት የሚወጣ ፕሮቲን) ያዝዛል፣ ለዓይን ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ ይልካል። አንድ መድኃኒት ሲጨምር የቱን እንደሚያስቆም ይናገራል። ከሁሉ በላይ ግን እናትዎ «ያንን ኪኒን ትቼዋለሁ» ሲሉት አይቆጣም። የሚቆጣ ሐኪም ዘንድ ሕመምተኛ ይዋሻል፣ ሐኪሙም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ይጨምራል፤ አንድ ቀን ሁሉንም አንድ ላይ ሲውጡት ግፊታቸው ወርዶ ይወድቃሉ።

ሌላ ሐኪም መፈለግ ያለባችሁስ መቼ ነው? ሳይለካ መድኃኒት የሚቀያይር ከሆነ፤ «ከዚህ ፋርማሲ ብቻ ግዙ» የሚል ከሆነ፤ ስኳር ያለባቸውን ሰው ደከመኝ ስላሉ ብቻ ሳይለካ ግሉኮስ የሚተክል ከሆነ፤ መድኃኒቱን በሙሉ አቁመው በዕፅዋት ይድናሉ የሚል ከሆነ፤ ውጤትና የሕክምና ማጠቃለያ ጻፍልን ስትሉት የሚከለክል ከሆነ። እነዚህ ከሌሉ ግን ቢያንስ ሦስት ወር ስጡት። ምክንያቱ ይሉኝታ አይደለም። የግፊት መድኃኒት ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ነው፤ የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ምርመራም ስሙ እንደሚለው ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ነው የሚናገረው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐኪም የቀየረ ሰው አንዱም መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱን ሳያውቅ ዓመት ያልፋል። በዚህ መካከል ግፊቱ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የአፍ መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር መኮላተፍ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ተጨማሪ ኪኒን ቤት ሳትሰጡ ወደ ቅርቡ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

የትኛውን እንያዝ ላሉት፣ የእኛ ምርጫ «ገና ናት» ያላችኋት የሰፈራችሁ ሐኪም ናት። ከአራቱ ውስጥ ሳሉን ከመድኃኒቱ ጋር ያገናኘችው እሷ ብቻ ናት፣ ቤታችሁም አጠገብ ናት። እግሩ ማበጡን ተመልሳችሁ አልነገራችኋትም፣ ስለዚህ ሥራዋን የመጨረስ ዕድል አላገኘችም። ደብተሩንና የሰባት ቀኑን ልኬት ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱ፤ ዳኦኒሉን አስቀድሙ፣ ከዚያ እግሩን፣ ከዚያ የሚያሸናው መድኃኒት መቀጠል አለመቀጠሉን። የሰባቱ ቀን ልኬት ካልሞላ ያለውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የዳኦኒሉ ጉዳይ አይጠብቅም። ከአቅሜ በላይ ነው ካለቻችሁ ወደ ማን እንደምትልካችሁ ጠይቁና በጽሑፍ ትስጣችሁ።

ወንድምዎን መድኃኒት መላክ እንዲያቆም ንገሩት። መርዳት ከፈለገ በባትሪ የሚሠራ የክንድ ግፊት መለኪያ ይላክ፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ለስህተት የተጋለጠ ነውና አይሁን። ከመግዛቱ በፊት የእናትዎን የላይኛውን ክንድ መሃሉ ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክታችሁ ቁጥሩን ስጡት፤ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መካከለኛው ጨርቅ ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ትልቁን ይግዛ። የስኳር መለኪያም እልካለሁ ካለ የዚያው ማሽን ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካበት ቁራጭ) አዲስ አበባ መድኃኒት ቤቶች ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ አጣሩ። አንዱ ማሽን የሌላውን ስትሪፕ አይቀበልም።